ለአይአርኤስ የተላከ ቼክ ሳይከፈል ሲመለስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአሜሪካ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ለፌዴራል ታክስ የላከው ቼክ ሳይከፈል መመለሱን ሲሰማ የሚይዘው ድንጋጤ ብዙ ጊዜ ከጉዳዩ ክብደት ይበልጣል። «ደረቅ ቼክ» የሚለው ቃል በአገር ቤት ከፖሊስ ጣቢያና ከፍርድ ቤት ጋር ተያይዞ የሚታወቅ በመሆኑ ይህ አያስገርምም። ድንጋጤውን ተከትሎ የሚመጣው ዝምታ ግን፣ ማለትም የመጣውን ደብዳቤ ሳይከፍቱ መሳቢያ ውስጥ መክተት፣ ከቼኩ መመለስ እጅግ የበለጠ ገንዘብ ያስወጣል። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በዋናነት የፌዴራሉን ታክስ ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት፣ አይአርኤስን፣ የሚመለከቱ ናቸው፤ የስቴትና የካውንቲ ክፍያ ራሱን በቻለ ጥያቄ በአጭሩ ተነሥቷል።

ቼኬ እንደተመለሰ ከባንኬ አሁን አወቅሁ። መጀመሪያ ምን ላድርግ?

የአይአርኤስን ደብዳቤ መጠበቅ አያስፈልግም። በቅድሚያ ቼኩ የተመለሰበትን ምክንያት ከባንክዎ በጽሑፍ ያግኙ። በአካውንቱ ውስጥ በቂ ገንዘብ ባለመኖሩ፣ አካውንቱ ተዘግቶ በመገኘቱ፣ ፊርማ በመጉደሉ፣ ወይም እርስዎ ራስዎ ክፍያው እንዲቆም በማዘዝዎ የተመለሱ ቼኮች ለአይአርኤስ ሁሉም ያልተከፈሉ ናቸው፤ በኋላ ቅጣቱ ይነሣልኝ ብለው ሲጠይቁ ግን ምክንያቱ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ወረቀቱን ዛሬ ማግኘት ከስድስት ወር በኋላ ከመፈለግ በጣም ይቀላል።

ቀጥለው ባንኩን ቼኩ እንደገና ሊቀርብ ይችል እንደሆነ ይጠይቁ። አይአርኤስ የደረሰውን የወረቀት ቼክ ወደ ኤሌክትሮኒክ ዝውውር ሊለውጠው ይችላል፤ በዚህ መንገድ የቀረበ ክፍያ በገንዘብ ማነስ ሲመለስ በድጋሚ የሚሞከርበት ሁኔታ አለ። ድጋሚ ሙከራው ባዶ አካውንት ላይ ካረፈ ባንኩ ሌላ የአገልግሎት ክፍያ ሊቆርጥብዎ ይችላል። ገንዘብ ሞልተው ሳለ እርስዎም በሌላ መንገድ ከከፈሉ ደግሞ ሁለት ጊዜ ሊወሰድ ይችላል። ሁለት ጊዜ የተከፈለ ገንዘብ አይጠፋም፤ ይመለሳል ወይም ለሌላ የታክስ ዕዳ ይውላል፤ ሆኖም እስኪመለስ ድረስ ለቤት ኪራይ አስበውት ከነበረ መጠበቁ ቀላል አይሆንም።

ድጋሚ ሙከራ እንደማይኖር ከተረዱ በኋላ፣ አይአርኤስ በድረ ገጹ ላይ ባዘጋጀው ዳይሬክት ፔይ በተባለው መክፈያ ከባንክ አካውንትዎ በቀጥታ ይክፈሉ። የአገልግሎት ክፍያ የለውም፤ አስቀድሞ መመዝገብም አያስፈልግም። ክፍያው ለየትኛው የታክስ ዓመትና ለየትኛው ቅጽ እንደሆነ በትክክል ይምረጡ፤ ማረጋገጫ ቁጥሩንም ያስቀምጡ። ሌላ የወረቀት ቼክ በፖስታ መላክ አልተከለከለም፤ ነገር ግን ቼኩ ደርሶ እስኪመዘገብ ድረስ ቀኑ ይሄዳል፣ ወለዱም አብሮ ይሄዳል።

ደረቅ ቼክ በመጻፌ ልታሰር እችላለሁ?

ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ የሚነሣው ከአገር ቤት ይዘነው በመጣነው ግንዛቤ የተነሣ ነው። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 693 በቂ ገንዘብ ሳይኖር ቼክ ማውጣትን ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጎ ይደነግጋል፤ ነጋዴዎች ለመተማመኛ ብለው በሰጡት ቼክ ምክንያት ታስረው የሚያውቁ ሰዎችን የማያውቅ የመርካቶ ሰው ጥቂት ነው።

በአሜሪካ የፌዴራል ታክስ ሕግ ውስጥ ግን ለታክስ የተሰጠ ቼክ ሳይከፈል ሲመለስ የሚጠቀሰው ድንጋጌ በታክስ ሕጉ ክፍል 6657 ሥር ያለው ሲሆን፣ እርሱም የገንዘብ መቀጫ እንጂ እሥራት የለበትም። ስቴቶች ስለ ደረቅ ቼክ የየራሳቸው የወንጀል ሕግ አላቸው፤ እነዚህም በአብዛኛው የሚያተኩሩት ቼኩ እንደማይከፈል እያወቀ ለማጭበርበር ብሎ በጻፈ ሰው ላይ ነው። ሆን ብሎ ታክስን መሰወር በእርግጥ ከባድ ወንጀል ነው፤ ያ ግን የተለየ ጉዳይ ነው። ደመወዝ ገብቷል ብሎ ቼክ የጻፈና ሁለት ቀን የቀደመ ሰው ጠበቃ ከመፈለጉ በፊት አካውንቱን ቢሞላና ቢከፍል ይሻለዋል።

የቅጣቱ መጠን ስንት ነው?

ቼኩ 1,250 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ቅጣቱ የቼኩ መጠን 2 ከመቶ ነው። ከ1,250 ዶላር በታች ከሆነ ደግሞ 25 ዶላር ነው፤ የቼኩ መጠን ራሱ ከ25 ዶላር ካነሰ ቅጣቱ ከቼኩ መጠን አይበልጥም። በዚህ ስሌት የ20 ዶላር ቼክ 20 ዶላር፣ የ800 ዶላር ቼክ 25 ዶላር፣ የ3,400 ዶላር ቼክ 68 ዶላር፣ የ10,000 ዶላር ቼክ 200 ዶላር ያስቀጣል።

ስሌቱ የሚሠራው በተመለሰው ክፍያ ላይ እንጂ በጠቅላላ የታክስ ዕዳዎ ላይ አይደለም። አይአርኤስ ቅጣቱን አስልቶ በደብዳቤ ያሳውቅዎታል፤ አስቀድመው ገምተው መላክ አይጠበቅብዎትም። የእርስዎ ባንክ የሚቆርጠው የተመላሽ ቼክ ክፍያ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው፤ እርሱ በባንኩና በእርስዎ መካከል ያለ ጉዳይ ስለሆነ አይአርኤስ ሊያነሣልዎ አይችልም፤ ባንኩን ግን በትሕትና ከጠየቁት፣ በተለይ የረጅም ጊዜ ደንበኛ ከሆኑ፣ ሊመልስልዎ ይችላል።

ከዚህ ቅጣት ሌላ የሚጨመርብኝ አለ?

አለ፤ ትኩረት የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው። ቼኩ ካልተከፈለ ታክሱ በጊዜው አልተከፈለም ማለት ስለሆነ ሁለት ሌሎች ሒሳቦች መቁጠር ይጀምራሉ። አንደኛው ክፍያን በማዘግየት የሚጣለው ቅጣት ሲሆን፣ ያልተከፈለው ታክስ በየወሩ 0.5 ከመቶ ነው፤ ከወሩ አንድ ቀን እንኳ ቢያልፍ እንደ ሙሉ ወር ይቆጠራል፤ ጣሪያው 25 ከመቶ ነው። ሁለተኛው ወለድ ነው፤ ምጣኔው በየሦስት ወሩ ይታያል፣ በየቀኑም በራሱ ላይ እየተደመረ ይሄዳል። በ2025 ዓመቱን ሙሉ 7 ከመቶ ነበር።

በምሳሌ እንየው። አንድ ሰው የ2024 ታክሱን ለመክፈል እስከ ኤፕሪል 15 ቀን 2025 መድረስ የነበረበትን የ3,400 ዶላር ቼክ ልኮ ተመለሰበት እንበል። በ10 ቀን ውስጥ፣ ማለትም ኤፕሪል 25፣ በኤሌክትሮኒክ ቢከፍል የቼኩ ቅጣት 68 ዶላር፣ የመዘግየቱ 17 ዶላር፣ ወለዱ ከ7 ዶላር ያነሰ ይሆናል። ደብዳቤው እስኪመጣ ጠብቆ ጁን 10 ቢከፍል የቼኩ ቅጣት ያው 68 ዶላር ሆኖ፣ መዘግየቱ 34 ዶላር፣ ወለዱ 37 ዶላር ገደማ ይደርሳል። ዓመት ሙሉ ዝም ቢል፣ ወለዱም በ7 ከመቶ ቢቀጥል፣ የመዘግየቱ ቅጣት 204 ዶላር፣ ወለዱ 246 ዶላር ገደማ ይሆናል። ሰው የሚያስፈራው 68ቱ ዶላር ነው፤ ኪሱን የሚያራቁተው ግን የቀረው 450 ነው። ደብዳቤው በወጣ በ21 ቀን ውስጥ ካልተከፈለ ደግሞ ቅጣቶቹ ራሳቸው ወለድ መውለድ ይጀምራሉ።

ቼኩ ሲመለስ ታክስ ፋይል እንዳላደረግሁ ይቆጠራል?

አይቆጠርም። ቅጽ 1040ን በጊዜው ካስገቡ፣ ክፍያው ቢመለስም ሰነዱ እንደቀረበ ይቆያል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ፋይል ሳያደርጉ መዘግየት በየወሩ 5 ከመቶ ስለሚያስቀጣ ሳይከፍሉ ከመዘግየት በአሥር እጥፍ ይከብዳል። በዚህ ምክንያት ገንዘቡ በእጁ የሌለ ሰውም ቢሆን ሰነዱን በቀኑ ማስገባት አለበት። የማራዘሚያ ቅጹን፣ 4868ን፣ ያስገባ ሰውም የተራዘመለት ሰነዱን የማስገቢያው ጊዜ እንጂ የመክፈያው ጊዜ አለመሆኑን ልብ ሊል ይገባል።

እኔ ቼክ አልጻፍኩም፤ በኢንተርኔት ነው የከፈልኩት። ይህ ይመለከተኛል?

ይመለከትዎታል። ድንጋጌው ቀድሞ ስለ ቼክና ስለ ማኒ ኦርደር ብቻ ይናገር ነበር፤ በ2010 በተደረገ ማሻሻያ ግን የኤሌክትሮኒክ ክፍያን ጨምሮ በንግድ ዓለም ተቀባይነት ያላቸውን የክፍያ ዓይነቶች ሁሉ እንዲሸፍን ተደርጓል። ታክስ አዘጋጅዎ ሰነዱን ሲልክ ከአካውንትዎ በቀጥታ እንዲቆረጥ አዝዞ አንድ አኃዝ ቢሳሳት፣ የዘጉትን የድሮ አካውንት ቢጠቀም፣ ወይም የንግድ አካውንትዎ ያልተፈቀደለትን የውጭ ቅነሳ የሚያግድ ቢሆን ክፍያው ይመለሳል፤ ኃላፊነቱም የእርስዎ ሆኖ ይቀጥላል።

የዚህ ዓይነቱ ስህተት ከወረቀት ቼክ ይልቅ ተንኮለኛ ነው፤ ምክንያቱም ገንዘቡ አካውንትዎ ውስጥ ስለተቀመጠ ባንኩ የሚልክልዎ ማስጠንቀቂያ ላይኖር ይችላል። ፋይል ካደረጉ ከአንድ ሳምንት በኋላ ገንዘቡ ከአካውንትዎ መውጣቱን ራስዎ ያረጋግጡ።

ጥፋቱ የእኔ አልነበረም። ቅጣቱ ይነሣልኛል?

ሕጉ ራሱ በር ከፍቷል። ክፍያውን በቅን ልቦና ያቀረበና እንደሚከፈል ለማመን በቂ ምክንያት የነበረው ሰው ቅጣቱ አይመለከተውም ይላል። እንግዲህ ጥያቄው ቼኩን በጻፉበት ቀን ምን ያውቁ ነበር የሚለው ነው።

ባንኩ በራሱ ስህተት ቼኩን ከመለሰው ነገሩ ቀላል ነው፤ ስህተቱ የባንኩ መሆኑን የሚገልጽ፣ በባንኩ ማኅተም ወይም አርማ የተጻፈ ደብዳቤ ይጠይቁ። አሠሪዎ የሰጠዎትን የደመወዝ ቼክ አስገብተው ሳለ እርሱ ራሱ ደረቅ ሆኖ ቢመለስና የእርስዎን ቼክ ይዞ ቢወድቅ፣ ያስገቡበትን ቀንና የተመለሰበትን ቀን የሚያሳይ የባንክ መግለጫ ጉዳይዎን በደንብ ይደግፈዋል። ባንኩ ያስገቡትን ገንዘብ ለጊዜው ይዞት ከነበረም እንዲሁ፤ ነገር ግን ገንዘቡ እንደሚያዝ አስቀድሞ በደረሰኙ ላይ ከተነገረዎ ክርክሩ ይሳሳል።

በእኛ ዘንድ የተለመደ አንድ ሁኔታ አለ፦ እቁብ እሑድ ይደርሰኛል ብሎ ዓርብ ዕለት ቼክ ጽፎ መላክ። ዕጣው በተባለው እሑድ ካልወጣ፣ ወይም ሰብሳቢው ጥቂት ቀን ታገሠኝ ካለ፣ ቼኩ ባዶ አካውንት ላይ ይወድቃል። ቅን ልቦናዎን ማንም ላይጠራጠር ይችላል፤ ሆኖም ገና እጅዎ ያልገባን ገንዘብ ተማምኖ መጻፍ አካውንት ውስጥ የገባን ገንዘብ ተማምኖ ከመጻፍ ጋር እኩል አይታይም። ስለዚህ በዚህ ምክንያት የሚቀርብ ጥያቄ ተቀባይነት ያገኛል ብሎ መጠበቅ ባይገባም፣ መጠየቁ ዋጋ አያስከፍልም።

አቤቱታውን ቅጣቱን ያሳወቀው ደብዳቤ ላይ ባለው አድራሻ በጽሑፍ፣ ወይም በደብዳቤው ላይ በተጻፈው ስልክ ማቅረብ ይችላሉ፤ ቅጣቱን አስቀድመው ከከፈሉ በቅጽ 843 ተመላሽ ይጠየቃል። ደብዳቤዎ አጭር ይሁን፤ የሆነውን በቀን በቀን ያስቀምጡ፣ ማስረጃውን አያይዙ፣ ታክሱን መቼ እንደከፈሉ ይጻፉ። ቼኩ በተመለሰ በሦስተኛው ቀን የከፈለ ሰው ቃሉ ይሰማል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ አይአርኤስ ላለፉት ሦስት ዓመታት መዝገቡ ንጹሕ ለሆነ ሰው በመጀመሪያ ስህተት ምሕረት የሚያደርግበት አሠራር አለው፤ ይህ ግን ፋይል በማዘግየት፣ ክፍያ በማዘግየትና ድርጅቶች እንደ ሠራተኛ ደመወዝ ታክስ ያለውን ተቀማጭ ለመንግሥት ማስገባት በማዘግየት ለሚጣሉ ቅጣቶች እንጂ ለተመለሰ ቼክ ቅጣት አይሠራም። ስለዚህ በአንድ ስልክ ሁለቱን ለይተው መጠየቅ ይገባል፤ የመዘግየቱን በዚህ አሠራር፣ የቼኩን በበቂ ምክንያት። ስህተቱ የአይአርኤስ ሆኖ፣ ለምሳሌ የደረሰውን ቼክ አጥፍቶ፣ የባንክ ክፍያ ካስወጣዎት ደግሞ በቅጽ 8546 እስከ 1,000 ዶላር እንዲተካልዎ መጠየቅ ይቻላል።

ገንዘቡ አሁንም የለኝም። ምን አማራጭ አለኝ?

ያለዎትን ያህል ዛሬ ይክፈሉ፤ ወለዱና የመዘግየቱ ቅጣት የሚሰላው በቀረው ላይ ብቻ ነው። ለቀረው በአይአርኤስ ድረ ገጽ ወይም በስልክ የክፍያ ስምምነት መጠየቅ ይቻላል። እስከ 180 ቀን ውስጥ የሚያልቅ የአጭር ጊዜ ስምምነት የማስጀመሪያ ክፍያ የለውም። በየወሩ የሚከፈለው የረጅም ጊዜ ስምምነት ማስጀመሪያ ክፍያ አለው፤ በድረ ገጽ አመልክቶ በቀጥታ ከባንክ እንዲቆረጥ የመረጠ ሰው አነስተኛውን ይከፍላል፤ ዝቅተኛ ገቢ ላለው ይቀነሳል ወይም ይቀራል። ታክሱን በጊዜው ፋይል ያደረገ ሰው ስምምነቱ በሥራ ላይ እያለ የመዘግየቱ ቅጣት ከ0.5 ወደ 0.25 ከመቶ ይወርድለታል።

የሚቆረጥበትን ቀን ሲመርጡ ደመወዝ ከሚገባበት ቀን ማግሥት ሳይሆን ሦስት ወይም አራት ቀን አሳልፈው ይምረጡ። በስምምነቱ ሥር የሚቆረጠው ክፍያም ከተመለሰ ያው የ2 ከመቶ ወይም የ25 ዶላር ቅጣት ሊጣልበት ይችላል፤ ስምምነቱም ራሱ አደጋ ላይ ይወድቃል።

ቼኩ ላይ የወደፊት ቀን ጽፌ ብልክ እስከዚያ ድረስ ይቆይልኛል?

በአገር ቤት የንግድ ልማድ ቀኑ ወደፊት የተጻፈ ቼክ እንደ ቃል ኪዳን ይቆጠራልና ብዙ ሰው ይህ በአሜሪካም ይሠራል ብሎ ያስባል። በኢትዮጵያም ቢሆን ሕጉ ቼክን የሚያውቀው ሲቀርብ ወዲያው የሚከፈል ሰነድ አድርጎ ነው። በአሜሪካ ደግሞ እርስዎ አስቀድመው ባንኩን ካላሳወቁ በስተቀር ባንኩ ከቀኑ በፊት የቀረበለትን ቼክ ቢከፍል ጥፋተኛ አይሆንም። አይአርኤስ ቼክዎን ይዞ ቀኑ እስኪደርስ ይጠብቅልኛል ብለው አያስቡ። በተወሰነ ቀን እንዲከፈል ከፈለጉ በዳይሬክት ፔይ ቀኑን መርጠው ያስይዙ፤ ሐሳብዎን ከቀየሩ ከክፍያው ቀን ሁለት የሥራ ቀን በፊት መሰረዝ ይችላሉ። የሚመርጡት ቀን ከታክሱ ማብቂያ ቀን ካለፈ ግን የመዘግየቱ ቅጣት አይቀርም።

የታክሲና የኡበር ሾፌር ነኝ፣ በዓመት አራት ጊዜ እከፍላለሁ። የአንዱ ሩብ ዓመት ቼክ ቢመለስስ?

በኤፕሪል 15፣ በጁን 15፣ በሴፕቴምበር 15 እና በጃኑዋሪ 15 የሚከፈለው ግምታዊ ታክስም በዚሁ ድንጋጌ ይሸፈናል። ቼኩ ሲመለስ የዚያ ሩብ ዓመት ክፍያ እንዳልተደረገ ስለሚቆጠር፣ ዓመቱ ሲያልቅ በጊዜው አነስተኛ በመክፈል የሚሰላ ተጨማሪ ቅጣት ሊመጣ ይችላል። ሁለተኛው አደጋ የበለጠ የተለመደ ነው፦ ሰውየው አራት ቼክ መላኩን ያስታውስና አራቱንም በታክስ ሰነዱ ላይ ይመዘግባል፤ አይአርኤስ ግን ሦስት ብቻ ያያል፤ ሪፈንድ ሲጠብቅ ዕዳ ይመጣበታል። ለታክስ አዘጋጅዎ የቼክ ደብተሩን ጉርድ ብቻ ሳይሆን የባንክ መግለጫውን ይስጡ።

ምግብ ቤት ወይም ሌላ ድርጅት ኖሯችሁ ከሠራተኞች ደመወዝ ላይ የተቆረጠ ታክስ የምትከፍሉ ደግሞ ጉዳዩ ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። ይህ ታክስ መግባት ያለበት በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው፤ ክፍያው ተመልሶ ከዘገየም እንደ ቀኑ ብዛት 2፣ 5 ወይም 10 ከመቶ ያስቀጣል። ገንዘቡ የሠራተኛው አደራ ተደርጎ ስለሚታይ፣ ኃላፊነት ያለበት ሰው ሆን ብሎ ሳይከፍል ቢቀር ከድርጅቱ አልፎ ከግል ንብረቱ ሊጠየቅ ይችላል። በዚህ ጊዜ ባለሙያ ማማከር ቅንጦት አይደለም።

የዜግነት ማመልከቻዬን ወይም ፓስፖርቴን ይነካብኛል?

የተመለሰው ቼክ በራሱ አይነካም። የዜግነት ማመልከቻው፣ ቅጽ ኤን-400፣ ጊዜው ያለፈበት የፌዴራል፣ የስቴት ወይም የአካባቢ ታክስ ዕዳ እንዳለብዎ ይጠይቃል፤ ቼኩ ተመልሶ ሳይከፈል ከቀረ መልሱ «አዎ» ይሆናል። «አዎ» ማለት ማመልከቻው ይወድቃል ማለት አይደለም፤ የክፍያ ስምምነት መግባትዎንና በዚያ መሠረት እየከፈሉ መሆንዎን የሚያሳይ ማስረጃ ይዘው ይቅረቡ። የሚጎዳው ዕዳው እያለ «የለብኝም» ብሎ መፈረም ነው፤ ባለማወቅ የተፈረመም ቢሆን በቃለ መጠይቁ ላይ ለማስረዳት ያስቸግራል። ስለዚህ ከማመልከትዎ በፊት በአይአርኤስ ድረ ገጽ ላይ ያለውን የግል አካውንትዎን ከፍተው ዜሮ መሆኑን ይመልከቱ።

የአሜሪካ ፓስፖርት የሚከለከለው ወይም የሚሰረዘው ለከባድ የታክስ ዕዳ ሲሆን፣ መነሻው በሕጉ 50,000 ዶላር ሆኖ በየዓመቱ ከዋጋ ንረት ጋር ከፍ ይላል። በክፍያ ስምምነት ውስጥ ያለ ዕዳ በዚህ አይቆጠርም።

ደብዳቤው የመጣው በእንግሊዝኛ ነው፣ በደንብ አልገባኝም። ማን ይረዳኛል?

አይአርኤስን በስልክ ሲያገኙ አማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ በስልክ የሚሰጠው የትርጉም አገልግሎት ነጻ ነው። ልጅዎ ወይም ጓደኛዎ ሊያስተረጉምልዎ ቢችልም የታክስ ቃላትን በትክክል ማስተላለፍ ሌላ ሙያ ነው። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ግብር ከፋዮች የተቋቋሙ ክሊኒኮች በነጻ ወይም በጥቂት ክፍያ ከአይአርኤስ ጋር ይከራከሩልዎታል፤ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ለሆነ ሰዎች መብታቸውን ማስረዳትም በሕግ የተሰጣቸው ሥራ ነው። ጉዳይዎ በአይአርኤስ ውስጥ ተንጠልጥሎ ችግር ላይ ከጣለዎ ደግሞ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚሠራው የግብር ከፋዮች ተሟጋች ቢሮ አለ፤ አቤቱታው የሚቀርብበት ቅጽ ቁጥሩ 911 ነው፣ ቁጥሩ በአጋጣሚ ይሁን አይሁን ሲያስታውሱት አይረሳም።

ስለ ተመለሰ ክፍያ አይአርኤስ የሚያሳውቀው አብዛኛውን ጊዜ በፖስታ ነው። በስልክ ደውሎ ቼክህ ተመልሷል፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ በጊፍት ካርድ ካልከፈልክ ፖሊስ ይመጣል የሚል ሰው አጭበርባሪ ነው፤ ቼክዎ በእርግጥ የተመለሰ ቢሆን እንኳ።

ለስቴት ወይም ለካውንቲ የላክሁት ቼክ ቢመለስስ?

እያንዳንዱ የራሱ ደንብ አለው፤ የአይአርኤስን ስሌት ወደዚያ መውሰድ አይቻልም። ካሊፎርኒያ ለምሳሌ ለገቢ ግብር የሚጠቀመው የፌዴራሉን የሚመስል ስሌት ነው፣ 1,250 ዶላርን መለያ አድርጎ 2 ከመቶ ወይም 25 ዶላር፤ ሌሎች ቁርጥ ያለ ክፍያ ያስከፍላሉ። የቤት ግብር ቼክ ሲመለስ የካውንቲው ገንዘብ ያዥ ክፍያውን ከመዝገብ ይሰርዘዋል፤ የማብቂያው ቀን አልፎ ከነበረም የመዘግየት ቅጣቱ ይጨመራል። የቤት ግብሩን ባንክዎ ከሞርጌጁ ጋር የሚከፍል ከሆነ ደግሞ የተመለሰው ቼክ የእርስዎ ላይሆን ይችላልና መጀመሪያ ለሞርጌጅ ድርጅቱ ይደውሉ።

ወደፊትም በቼክ መክፈል ብፈልግ ምን ልጠንቀቅ?

ቼኩን «ዩናይትድ ስቴትስ ትሬዠሪ» ብለው በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፉት፤ የአይአርኤስን ሦስት ምሕጻረ ፊደላት ብቻ መጻፍ በአንድ ሁለት ጭረት ወደ ሌላ ስም ለመቀየር ያመቻል። በማስታወሻው መስመር ላይ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርዎን፣ የታክስ ዓመቱንና የቅጹን ቁጥር ያስፍሩ። በአኃዝና በፊደል የጻፉት መጠን ከተለያየ የሚጸናው በፊደል የተጻፈው ስለሆነ ሁለቱን አመሳክረው ይፈርሙ፤ ፊርማ የሌለው ቼክ ሙሉ ገንዘብ ተቀምጦለትም ሊመለስ ይችላል። ከመንገድ ዳር የፖስታ ሳጥን ቼክ ሰርቀው ቀለሙን አጥበው ስሙን የሚቀይሩ ሌቦች ስላሉ ደብዳቤውን ፖስታ ቤት ውስጥ ገብተው መስጠት ይሻላል።

የፌዴራሉ መንግሥት ራሱም ከወረቀት ቼክ እየራቀ ነው። ማርች 25 ቀን 2025 የወጣ የፕሬዚዳንት ትእዛዝ መንግሥት የሚከፍለውም ሆነ የሚቀበለው ገንዘብ ወደ ኤሌክትሮኒክ እንዲዞር ያዝዛል፤ አይአርኤስም ከሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 ጀምሮ ለግለሰቦች የሚላከውን የወረቀት ሪፈንድ ቼክ ማስቀረት ጀምሯል። ቼክ መጻፍ የሚመርጡ ከሆነ፣ በአካውንትዎ ውስጥ የቼኩ መጠን ወጥቶ እስኪታይ ድረስ ያንን ገንዘብ እንደሌለ ይቁጠሩት፤ የባንኩ ስልክ መተግበሪያ ላይ የሚታየው ቀሪ ሒሳብ ገና ያልቀረበውን ቼክ አያውቀውም።